ሦስት ጊዜ የተሸኘች አብራሪ

አባቴ ልጁ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሆኗን ለናይሮቢ ሐበሻ ሁሉ ባበሰረበት ሰሞን፣ እኔ በሕይወቴ ከመሬት ከፍ ብዬ የማውቀው ጥርስ ሐኪም ቤት፣ ወንበሩ ወደ ላይ ሲነሳ ብቻ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ሥራዬ መሃል ከተማ ቢሮ ተቀምጬ የአውሮፕላን ትኬት መሸጥ ነው። ሰውን ሁሉ ወደ ዱባይ፣ ወደ ለንደን፣ ወደ ጓንዡ እልካለሁ፤ ራሴ ግን ከሞምባሳ አልፌ አላውቅም። ሞምባሳም የሄድኩት በአውቶቡስ ነው።

አባቴ በወጣትነቱ በሞያሌ በኩል ገብቶ፣ ጨርቅ ነግዶ፣ የኬንያ ዜግነት ወስዶ፣ በመጨረሻ ኪሊማኒ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ምግብ ቤት የከፈተ ሰው ነው። እናቴን ያገኛት እዚሁ ነው። እሷ በደርግ ዘመን ከሰሜኑ ጦርነት ሸሽታ በሱዳን በኩል ዞራ ነው የመጣችው፤ ስለዚያ ዘመን ስትጠየቅ «አለፈ» ትልና ወደ ሥራዋ ትዞራለች። እኔ ደግሞ ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ፣ መንገድ ላይ ስዋሂሊ እየተናገርኩ ያደግኩ፣ በሦስቱም ቋንቋ አፈኛ የምባል ብቸኛ ልጃቸው ነኝ።

አየር ኃይሉ ዕጩ አብራሪዎች እንደሚፈልግ ያወቅኩት በምሳ ሰዓት፣ ሳምቡሳ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። «ሴቶችም እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» ይላል። የማመልከቻው ጊዜ አላለፈም። የዕድሜ ገደቡ የተጻፈበት ቦታ ላይ ዘይት ፈስሶ አልነበብ ስላለኝ፣ ለእኔ የሚስማማኝ ዕድሜ ነው ብዬ ወሰንኩ። አገር ለማገልገል እንዲህ ያለ ጥሪ የደረሰው ሌላ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ፈተናው ዓይነቱ ብዙ ነበር። አስሮጡን። ዓይናችንን በቀለም ነጠብጣብ ፈተኑት፣ ጆሯችን ውስጥ አጮኹበት፣ ጥርሳችንን ፈረስ እንደሚገዛ ሰው ከፍተው አዩት። በመጨረሻ መኮንኖች በረድፍ የተቀመጡበት ክፍል አስገቡኝ። መሃል ላይ ያሉት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው፣

«ወላጆችሽ ኢትዮጵያውያን ናቸው?» አሉኝ።

«በትውልድ ነው ጌታዬ። በዜግነት ኬንያውያን ናቸው።»

«ታዲያ ቤታችሁ የምትበሉት ያንን ጎምዛዛ ስፖንጅ ነው?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እሱን የበላ ሆድ ከፍታ ላይ ይታመናል?»

«አዲስ አበባ ከናይሮቢ በጣም ከፍ ትላለች ጌታዬ። ሕዝቡ እዚያ ላይ ሆኖ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላዋል፤ እስካሁን የፈነዳ የለም።»

ሁሉም ሳቁ። ያለፍኩት በሆዴ ይሁን በአፌ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከእኔ ቀጥሎ ወረፋ የያዘው ልጅ ከምዕራብ፣ ከሐይቁ ዳር የመጣ፣ ከበር ሁሉ ጋር አንገቱን ደፍቶ የሚደራደር ረጅም ነበር። የሐኪሙ ረዳት ተቀምጦ ሳለ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ ለካው። ለካውና ደገመው። «ይሄ ጉልበት የአብራሪው ክፍል ውስጥ የሚገባ አይመስለኝም» አለው። ልጁም በትሕትና፣ «እንዲያ ከሆነ ጉልበቴን ቤት ትቼው እመጣለሁ» አለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛሞች ሆንን። እሱም አለፈ። ጉልበቱን እንዴት አድርገው እንደመዘገቡት አልነገረኝም።

ያለፍነውን ሰብስበው አንድ ሻለቃ ንግግር አደረጉልን። «ሂዱና ተዘጋጁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እንጠራችኋለን። ስልካችሁን እንዳታጠፉ» አሉን። ከሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች በሥራ ላይ የዋለው የመጨረሻው ብቻ ነው።

እኔ ግን አማኝ ነበርኩ። በማግስቱ መልቀቂያዬን ይዤ አለቃዬ ፊት ቆምኩ። አለቃዬ ናይሮቢ ተወልደው ያደጉ የህንድ ዘር ያላቸው ሴት ናቸው፤ ሲናደዱም ሲደሰቱም ድምፃቸው አይለወጥም። «እስካሁን ሌላውን ሰው ሳበርር ኖሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ራሴ እበርራለሁ» አልኳቸው። ንግግሩን መስታወት ፊት ተለማምጄዋለሁ። እሳቸው ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣

«ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ?» አሉኝ።

«መሄጃ ብቻ» አልኩ፣ በኩራት።

ቀጥሎ ፀጉሬን አሳጠርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ወታደር አጭር ፀጉር እንዳለው በፊልም ስላየሁ ነው። እናቴ የወደቀውን ፀጉር ከወለሉ ላይ በእጇ ሰበሰበችና በላስቲክ ቋጥራ ወሰደችው። አላለቀሰችም፣ አልመረቀችኝም፣ አልተቆጣችኝም። አባቴ ግን የሁለት ሰው ደስታ ነበረው። ቤተ ክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ለሰው ሁሉ ተናገረ። ለምግብ ቤቱ ደንበኞች ከትዕዛዝ በፊት ተናገረ። በሦስተኛው ቀን እኔ የተዋጊ ጄት አብራሪ ሆኜ ነበር፤ በሳምንቱ የቡድን መሪ። ከዚያ በላይ ማዕረግ ሳይሰጠኝ ሽኝቱ ደረሰ።

ሽኝቱ ሽኝት ነበር። በግ ታረደ። ምግብ ቤቱ ለደንበኛ ተዘግቶ ጠረጴዛው ሁሉ አንድ ላይ ተገጠመ። ቄሱ ባርከው፣ «ከአእዋፍ በላይ ከፍ ያድርግሽ፣ በሰላም ደግሞ ያውርድሽ» አሉ፤ በተለይ ሁለተኛው ላይ ሰዉ ሁሉ አሜን አለ። ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የመንገድ ትራስና አምስት መጽሐፍ ቅዱስ ተሰጠኝ። አባቴ እንባው እየመጣ፣ «ይቺ ልጅ ከእንግዲህ የእኔ አይደለችም፤ የሰማይ ናት» ብሎ ተናገረ። እናቴ ይህን ስትሰማ ሳህን ልታነሳ ገባች።

ስልኩ የተደወለው ከሽኝቱ በሁለተኛው ቀን ነው።

«መግቢያችሁ ለጥቂት ጊዜ ተራዝሟል» አለኝ አንድ የተሰላቸ ድምፅ። «የመኝታ ክፍሉ ጣሪያ እየታደሰ ነው። ንጎጃ ኪዶጎ።»

ንጎጃ ኪዶጎ፤ ትንሽ ጠብቂ ማለት ነው። የስዋሂሊ መምህሬ «ኪዶጎ» ማለት «ትንሽ» ነው ብለው ነበር ያስተማሩኝ። ሲቪል ስለነበሩ አልፈርድባቸውም። ጣሪያው በዝናብ ምክንያት ዘገየ። ጣሪያው ሲያልቅ የመለማመጃ አውሮፕላኖቹ መለዋወጫ ወደብ ላይ ነበር። መለዋወጫው ሲመጣ የሚያሠለጥነን መኮንን ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ ነበር። ስደውል ሁልጊዜ ያው ድምፅ ያነሳል፤ ሁልጊዜ ኪዶጎ ይለኛል። ከጊዜ በኋላ ድምፄን ለይቶ፣ ስሜን ሳልነግረው «ገና ነው» ይለኝ ጀመር። በናይሮቢ ከወንድ ጋር የነበረኝ ረጅሙና ታማኙ ግንኙነት እሱ ነው።

የሰማይ የሆነችው ልጅ ምግብ ቤት ውስጥ ማስተናገድ ጀመረች። ያለቀሱልኝ ሰዎች ምሳ ሊበሉ ይመጣሉ፣ እኔ ሽሮ ይዤ እደርሳለሁ፣ እነሱ ቀና ይላሉ።

«ውይ! አልሄድሽም እንዴ?»

«ነገ ተነገ ወዲያ ነው።»

«እኛ እኮ ሻንጣ አምጥተን ነበር።»

ሻንጣውን መልሱ እንዳይሉኝ እፈራ ነበር። የእናቴ ጓደኛ፣ ልብስ የምትነግድ ሴት፣ አንድ ቀን እጄን ይዛ ጥግ ወሰደችኝና፣ «ልጄ፣ እስኪጠሩሽ ድረስ ለምን አታገቢም?» አለችኝ። ትዳር በወረፋ መካከል የሚገላበጥ መጽሔት መሰላት። ሰውም አዘጋጅታ ነበር፤ ባለሱቅ፣ ደልደል ያለ፣ ጥሩ ልጅ። እሑድ ምግብ ቤታችን መጥቶ ጥብስ አዘዘ። «አውሮፕላን ላይ ስትሆኚ ማነው የሚያበስለው?» ብሎ ጠየቀኝ። «እዚያው ሆኜ እወረውርልሃለሁ» አልኩት። ጥብሱን ጨርሶ ሄደ።

በሦስተኛው ወር ኩራቴን አጣጥፌ ወደ ትኬት ቢሮው ተመለስኩ። አለቃዬ ቀና ብለው አዩኝ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነው።

«መመለሻ አልቆረጥሽም ነበር።»

«የለኝም፣ እማማ» አልኩ። አንገቴን ደፍቼ ነው ያልኩት።

«ያንቺ ወንበር ተይዟል። ስልክ የሚያነሳ ሰው ግን እፈልጋለሁ። ጦርነትሽ እስኪጀመር እዚያ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ስልክ እያነሳሁ፣ ለደንበኛ «እባክዎ ትንሽ ይጠብቁ» እላለሁ። የምለው በትክክል በዚያ በተሰላቸ ድምፅ መሆኑን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

አባቴ ደግሞ መጠበቅ የሰነፍ ሥራ ነው ብሎ ሰው መፈለግ ጀመረ። ከደንበኞቹ አንዱ የሀብታሞቹ ሰፈር ሩንዳ የሚኖር፣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ፣ «ሰው አውቃለሁ» የሚል ኢትዮጵያዊ ነበር። ይህ ሰው ስለማንኛውም ጉዳይ ሰው ያውቃል። አባቴ ለአንድ ወር ያህል ክትፎውን በነፃ ሲያቀርብለት ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ቅዳሜ እኔ ቤት አንድ ትልቅ ኮሎኔል ይመጣሉ፤ ልጅቷን ይዘሃት ና» አለው። አባቴ ሙሉ ልብስ ለበሰ። ሩንዳ ደረስን፤ ሣሩ የተላጨ፣ ውሻው ከእኛ የተሻለ የሚበላ ግቢ ነው። ኮሎኔሉ ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌ፣ ጨዋ፣ ጡረተኛ። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጉዳዬን ከሥር መሠረቱ አስረዳ። ኮሎኔሉ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣

«እኔ በጦሩ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ የሙዚቃ ጓዱ ውስጥ ነበርኩ» አሉ። «ጥሩምባ ነበር የማስተምረው።»

አባቴ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

«መጀመሪያ ስቀጠር ጥሩምባዬ እስኪመጣ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ጠብቄያለሁ» አሉ ኮሎኔሉ ወደ እኔ ዞረው። «በባዶ እጄ፣ አየር ላይ እየነፋሁ ነበር የምለማመደው። አንቺም ተለማመጂ።»

በመኪና ስንመለስ አባቴ ኮቱን አውልቆ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረ። «የዚያን ሰውዬ ክትፎ ከሰኞ ጀምሮ በሒሳብ ነው» አለ።

ሁለተኛው ጥሪ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ የተሰላቸ ድምፅ ራሱ ደውሎ «ሰኞ ጠዋት በር ላይ ሁኑ» አለ። የመለያየት ያህል አዘንኩለት። ሽኝት ተደረገ፤ በግ ግን አልታረደም። ዶሮ ነበር፣ ያውም የደንበኛ ትርፍ። ስጦታ ይዞ የመጣ ካልሲ ይዞ መጣ። ቄሱ ሌላ ቦታ ቀጠሮ ስለነበራቸው በስልክ ባረኩኝ። ሰኞ አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ እስከ ካምፑ በር ነዳ። ጓደኛዬ ረጅሙ ልጅ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ፣ የብረት ሣጥን ላይ ጉልበቱን አገጩ ሥር አድርጎ ተቀምጧል። ዘበኛው ገና ከመኪና ስንወርድ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

«ዛሬ የሚገባ የለም። ተራዝሟል።»

«መች ተራዘመ?» አለ አባቴ።

«አሁን፣ እየመጣችሁ ሳለ።»

አባቴ ክራቫቱን አላልቶ በሩን፣ ዘበኛውን፣ ከበሩ በስተጀርባ ያለውን ሰማይ ተራ በተራ አየ። ጓደኛዬን ከነሣጥኑ ጭነን ተመለስን። ኪሊማኒ ልንገባ ስንል አባቴ፣ «የረሳሽው ዕቃ ነበር፤ ለእሱ ተመለስን እንላለን» አለ። ሕዝቡም አመነ፣ ወይም አዘነልን። ከዚያ ወዲያ «ዕቃሽ ተገኘ?» ያላለኝ ሰው የለም።

ጓደኛዬ ግን አገሩ መመለስ አፈረ። እናቱ መንደሩን ሰብስባ ነው የሸኘችው፤ እዚያ ደግሞ የረሳሁት ዕቃ ነበር አይባልም፤ መንገዱ የአንድ ቀን ነው። ስለዚህ በኪሊማኒ በሚያልፍ ማታቱ ላይ ወያላ ሆነ። ማታቱ ማለት እዚህ ሰው እንደ ቃሪያ የሚጠቀጠቅበት ሚኒባስ ነው። እሱ ውስጥ ወገቡን ለሁለት አጥፎ ይቆማል፤ «የአብራሪ ክፍል ልምምድ ላይ ነኝ» ይላል። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሆን ብዬ የእሱን መኪና እጠብቅ ነበር። በሩን እየደበደበ በእንግሊዝኛ ያውጃል፤

«ክቡራን መንገደኞች፣ ወደ መሃል ከተማ በረራችን እንኳን ደህና መጣችሁ! ቀበቶው ስለማይሠራ እርስ በርስ ተያያዙ። ከፊታችን ጉድጓድ ስላለ መጠነኛ መናወጥ ይኖራል። ሹፌራችን ሌሊቱን አልተኛም፤ እባካችሁ ጸልዩ!»

አሮጊቶች ሳይቀሩ ይስቁ ነበር። ከእኔ ሒሳብ አይቀበልም። «ባልደረባ አይከፍልም» ይለኛል።

በዓመቱ መጨረሻ አገሪቱ ፕሬዚዳንት መረጠች፤ ውጤቱ ሲነገር ጎረቤት በጎረቤት ላይ ተነሳ፣ ከተማው ተቃጠለ። ስለዚያ ወር የምቀልደው ነገር የለኝም። ጓደኛዬ እናቱን ሊያይ ወደ ሐይቁ ሄደ፤ መንገዱ ከኋላው ተዘጋ፤ ስልኩም ጠፋ። ምግብ ቤታችንን ዘግተን፣ አብሳያችን ከነልጆቿ እኛ ጋር ተጠግታ፣ ባለን ዱቄትና ምስር ተቀመጥን። ከሩቅ ጭስ ይታያል፤ ጩኸት አንዳንዴ ይቀርባል፣ አንዳንዴ ይርቃል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሄሊኮፕተር መጣ፤ የወታደር ነው። ጣሪያውን ሊነካ እስኪመስል ዝቅ ብሎ ነው የሚያልፈው፤ ብርጭቆው ሁሉ መደርደሪያው ላይ ተንቀጠቀጠ። እኔ፣ እንግዲህ ምን ልበላችሁ፣ ደስ ብሎኝ ወደ ደጅ ሮጥኩ። ዓይነቱን ላውቀው ሞከርኩ፤ የአብራሪውን የራስ ቁር ሳይቀር ያየሁት መሰለኝ። «እማዬ፣ ነይ እይው!» ብዬ ጮህኩ። ስመለስ እናቴን ጠረጴዛ ሥር አገኘኋት። የአብሳያችንን ትንሿን ልጅ ከሆዷ ሥር ሸሽጋ፣ ጀርባዋን ወደ ላይ ሰጥታ ተኮራምታለች።

«እማዬ፣ ሄሊኮፕተር ነው። ምንም አያደርገንም።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። ግን አልወጣችም።

ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ወደ እናቷ ሮጣ ሄደች። ድምፁ እየራቀ ሲሄድ እናቴ ወለሉን እያየች መናገር ጀመረች።

«ውኃ ልንቀዳ ወንዝ ወርደን ነበር። እኔና ታናሼ። የአውሮፕላኑን ድምፅ ስሰማ ሾላው ሥር ሮጥኩ። እሷም እየሮጠች ነበር። ጀሪካኑን ጥላው ስለነበር እናታችን ትቆጣናለች ብላ ተመለሰች።»

ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አክስት እንደነበረችኝ ያወቅኩት ያን ቀን፣ ጠረጴዛ ሥር ነው።

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽኝ? ለምን አትሄጂም አላልሽኝም?» አልኳት።

«ብልሽ ትሰሚኝ ነበር?»

«አልሰማም።»

«ስለዚህ አንቺን ትቼ ለገብርኤል ነገርኩት። እንዳይጠሩሽ ተሳልኩ።»

ጣሪያው፣ መለዋወጫው፣ ውጭ የሄደው አሠልጣኝ፣ በሩ ላይ ያ ዘበኛ። እኔ ጦሩን ስረግም የኖርኩት ጉዳዬ በማላውቀው ቢሮ ተይዞ ነው ማለት ነው። አባቴ በየእሑዱ እንድጠራ ይለምናል፣ እናቴ ከጎኑ ቆማ እንዳልጠራ ትለምናለች፤ መልአኩ ሁለቱንም ማመልከቻ ይዞ መካከል ላይ ቆሟል። ንጎጃ ኪዶጎ ቢል ምን ይገርማል። ሳቅ አመለጠኝ። እናቴም እያየችኝ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

«አሁን ልተወው?» አልኳት፣ ሳቁ ሲያልቅ። የምሬን ነበር። በዚያች ሰዓት ተይው ብትለኝ እተወው ነበር።

ጠረጴዛውን ተደግፋ ከሥሩ ወጣች። ቀሚሷን አራገፈች፤ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ያን ቀን ከላይ የነበረውም እናት ነበረችው» አለችኝ። «ከታች ምን እንዳለ አልነገረችው ይሆናል። እኔ ነግሬሻለሁ።»

«ስለቱስ?»

«እሱን ለእኔና ለገብርኤል ተይው።»

ስለቱን አንስታ ይሁን ወይም ከተማው ስለተረጋጋ፣ ጥሪው ዝናቡ ሲጀምር መጣ። ለሦስተኛው ሽኝት ማንም አልተጠራም፤ ማንም አልሰማም። አባቴ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገረም፤ ይህ ለእሱ ጾም ከመጾም ይከብዳል። በዚያ ጠዋት ከሥጋ ሻጩ ጋር በስልክ እየተጨቃጨቀ ነበር። የስልኩን አፍ በመዳፉ ይዞ ጉንጬን ሳመኝ፤ «ማታ እንገናኝ ይሆናል፣ ጄኔራል» አለኝና ወደ ጭቅጭቁ ተመለሰ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስለ አጥንት ሲጮህ፣ ድምፁ መሃል ላይ ሲቆራረጥ ሰማሁት።

እናቴ ናት በታክሲ የሸኘችኝ። በሩ ላይ ያው ዘበኛ ነበር። ወረቀቴን አየ፣ ስሜን ፈለገ፣ አገኘ። «ግቢ» አለኝ። ይህን ቃል እንዴት እንደሚመልሱት ስላልተለማመድኩ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ ነች በጀርባዬ የገፋችኝ።

ጓደኛዬን ለቀናት ስደውልለት አላገኘሁትም ነበር፤ መልእክት ብልክም መልስ የለም። በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ የዓሣ ጭነት መኪና መጥቶ ቆመና ረጅም እግር ከኋላው ወረደ፤ ቀጥሎ ሌላው እግር፤ ቀጥሎ ጥቂት ቆይቶ ባለቤቱ። መንገዱ በከፊል ሲከፈት ያገኘው መኪና ይህ ብቻ ነበር። ሌሊቱን ዓሣ ላይ ተኝቶ ነው የመጣው። ከስቷል፤ ቀልዱም ከስቷል። «ቤታችን አለ» አለኝ ብቻ። «እናቴም አለች።» የጎረቤቶቹን አላነሳም። ከዚያ የሚያሰልፈን አሥር አለቃ ሽታውን ሰምቶ አፍንጫውን ሲይዝ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ለባሕር ኃይል ነበር የተቀባሁት» አለው፤ ወደ አሥር ዙር ሩጫም ተላከ።

አየር ኃይል ገብቼ ለወራት ያየሁት አየር የለም። ያየሁት መሬት ነው፤ በጣም በቅርብ፣ በአፍንጫዬ። ሣር አጨድን፣ ጫማ ወለወልን፣ በክርናችን ተሳብን። ከገባነው ውስጥ ጥቂቶች ተመልሰው ሄዱ። ጓደኛዬ ግን ቀረ። ኋላ ላይ ጉልበቱ ትንንሾቹ አውሮፕላኖች ውስጥ አልገባም ብሎ ሲያስቸግር ቀስ በቀስ ወደ ትልልቆቹ የጭነት አውሮፕላኖች አዛወሩት፤ እዚያ እግሩን ዘርግቶ በቆሎና ድንኳን ያመላልሳል። እኔም በኋላ እሱ ክፍል ገባሁ። ተዋጊ ጄት ላይ ወጥቼ አላውቅም። አባቴ ይህን ዝርዝር ለሰው አስፈላጊ ነው ብሎ አያምንም።

ወደ ሥልጠናው ልመለስና፣ የመጀመሪያ በረራዬ ቀን በጉም ምክንያት ተሰረዘ። በማግስቱ አሠልጣኙ ጉንፋን ያዛቸው። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ነገር ደህና ሆነና ተነሳን። አሠልጣኙ «ምንም እንዳትነኪ» አሉኝ፤ ምንም አልነካሁም። መሬቱ ዘንበል አለ፤ የሻይ እርሻው፣ የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ልብስ የተሰጣበት አጥር፣ በመንገዱ የምትሄድ አንዲት ሴት ሳትቀር በግልጽ ትታያለች። ደስታ ይሁን ፍርሃት ሳልለየው፣ ያ በመኮንኖቹ ፊት የተሟገትኩለት ሆዴ ከዳኝ፤ ቁርሴን ሁሉ መለሰው።

ስንወርድ አሠልጣኙ ሞተሩን አጥፍተው፣ የራስ ቁራቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«እንዴት ነበር?»

«አጭር ነበር፣ ጌታዬ» አልኳቸው።

ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከአውሮፕላኑ ወረዱ። «ባልዲው ከጋራዡ ኋላ ነው» አሉኝ እየሄዱ።

ባልዲውን ለማምጣት ሄድኩ። አንዱ ወስዶት ስለነበር እስኪመልስ ድረስ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።